«ቤቢ» «ቢቢ» እንዳይሆንብዎ፦ ለታፔላ ስለሚሆን ድብልብል የአማርኛ ፊደል

ጥያቄ፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ "ቤቢ ቤት" የሚባል የልጆች ልብስ ሱቅ ልከፍት ነው። ለእንግሊዝኛው ስም ኩፐር ብላክ የሚባለውን ወፍራምና ክብ ክብ ያለ ፎንት መረጥኩ፤ በጣም ያምራል። በዚያው ፎንት አማርኛውን ስጽፍ ግን ፊደሉ ያው ቀጭኑ ሆኖ ይቀራል። ቦልድ ሳደርገው ይጨማለቃል። ስልኬ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚያሳምር አፕም እንግሊዝኛውን እንጂ አማርኛውን አይነካም። ታፔላ ሰሪው "ለአማርኛ እንዲህ ያለ ፎንት የለም፣ በዚሁ ይለፍ" አለኝ። እውነት የለም? ካለስ በነጻ ከየት ላውርደው?»

መልስ፦ ታፔላ ሰሪው ግማሽ እውነት ነው የነገረዎት። ለአማርኛ የተሠሩ ጌጠኛ ፎንቶች አሉ። እንደ ኩፐር ብላክ ድብልብል ብሎ፣ ፊደሉ ሁሉ ተሟልቶ፣ ኃምሱ ከሣልሱ ሳይምታታ የተሠራ ግን እንደ ልብ አይገኝም። በነጻ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ደግነቱ እርስዎ አያስፈልግዎትም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ የተምታቱትን ነገሮች እናጥራ።

ኩፐር ብላክ ውስጥ አማርኛ የለም። ኦስዋልድ ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው የላቲን ፊደል ነው፤ ዛሬ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር የሚመጣውም እንደዚያው። እርስዎ ፎንቱን መርጠው «ቤቢ» ብለው ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ቤን ፎንቱ ውስጥ ይፈልገዋል። ያጣዋል። ባዶ ሳጥን ከማሳየት ብሎ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ። ከላይ ኩፐር ብላክ የሚል ስም ቢታይም ዓይንዎ የሚያየው ኒያላን ነው። ስለዚህ ሌላ መቶ የእንግሊዝኛ ፎንት ቢያወርዱ አማርኛው ንቅንቅ አይልም።

ቦልዱ የተጨማለቀውም ለዚሁ ነው። ኒያላ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። የራሱ ቦልድ የሌለውን ፎንት ቦልድ ሲያደርጉት ፕሮግራሙ ፊደሉን ዙሪያውን ያሳብጠዋል። የትኛው ጭረት መወፈር እንዳለበት፣ የትኛው ቀዳዳ ክፍት መቆየት እንዳለበት አያውቅም። ኢብሪማ የራሱ ቦልድ ስላለው ይሻላል። ግን እሱም የቢሮ ደብዳቤ እንጂ የልጆች ሱቅ አይመስልም።

የስልክዎ አፕ ደግሞ ከነጭራሹ ፎንት አይደለም። እነዚያ የተጠማዘዙና የወፈሩ የእንግሊዝኛ ፊደላት በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የዓለም ፊደላት መዝገብ) ውስጥ ለሒሳብ አጻጻፍ ተብለው የተመዘገቡ ምልክቶች ናቸው። አፑ ተራውን ፊደል አንሥቶ በሒሳቡ ምልክት ይተካዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ተለዋጭ አልተመዘገበም። አፑን ቢቀያይሩትም ለውጥ አያገኙም፤ አይድከሙ።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ከፊትዎ አለ። «ቆንጆ የአማርኛ ፎንት» ብለው ሲጠይቁ ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩትን የድሮ ፎንቶች በፍላሽ የሚሰጥዎ ሰው አይጠፋም። እነዚህ አማርኛውን የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ለባነር ብቻ ከሆነ ያገለግላሉ፤ የታተመ ነገር ዓይነቱን አይናገርም። ያንኑ ጽሑፍ ፌስቡክ ገጽዎ ላይ ሲለጥፉት ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣልዎታል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሁንም በድሮው መንገድ የሚሠራ ሰው ልማድ ሆኖበት እንጂ ቸግሮት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወፍራም የአማርኛ ፊደል ለምን አስቸገረ? በን እንያት፤ የእርስዎ ስም ከአራት ፊደል ሦስቱን የወሰደው ከእሷ ቤት ነው።

በ ጠፍጣፋ ጣራና ሁለት እግር ናት። ካዕቡ ቡ ቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ጭረት ያወጣል። ሣልሱ ቢ ጭረቱን እግሯ ሥር ያወርደዋል። ራብዑ ባ ግራ እግሯን ያሳጥራል። ኃምሱ ቤ ቀኝ እግሯ ሥር ትንሽ ቀለበት ያስራል። ብ በግራ በኩል ጭረት አላት፤ ቦ ቀኝ እግሯ ያጥራል። ከላይ ያለው አካል ሰባቱም ላይ ያው ነው። አንባቢው ፊደሉን የሚለየው ከጎንና ከሥር ባለችው ትንሽ ነገር ብቻ ነው።

አሁን ሁሉንም እኩል ያወፍሩት። እግሩ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይሰፋል። የቡ ጭረት ከወገብ ላይ ወደ ታች ይወርድና ቢን ይመስላል። የቤ ቀለበት ቀዳዳዋ ይደፈናል፤ ጠጠር ትሆናለች። ጠጠር ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ከቢ ጭረት አይለይም። ባና ቦ እግራቸው ድቡልቡል ሲል የአጭሩና የረጅሙ ልዩነት ይጠፋል። ማዕዘኑን ሁሉ ክብ ካደረጉት ደግሞ የበ ጠፍጣፋ ጣራ ይጎብጥና በና ሰ መመሳሰል ይጀምራሉ። የእርስዎ ታፔላ «ቢቢ ቢት» ተብሎ ተነበበ ማለት ነው። ደንበኛ ቆሞ አያስተካክልልዎትም፤ ያነበበውን ይዞ ይሄዳል፣ በጎግል ማፕ ላይም ያንኑ ይፈልጋል።

በእንግሊዝኛው ይህ ጣጣ የለም። ኤ (A) ትልቅ አካል ነች፤ ሆዷ ቢጠብ እንኳ ከቢ (B) ጋር አትምታታም። በእኛ ፊደል ግን ድምፁን የተሸከመው ትንሹ ጭረት ነው። ተጫዋች ፎንት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ይህን ሳያዩ የእንግሊዝኛውን ውፍረት እንዳለ ይገለብጡታል፤ ውጤቱን በየባነሩ እናየዋለን።

ብዛቱም ቀላል አይደለም። የእንግሊዝኛ ፎንት ሠሪ ትልቁንና ትንሹን ፊደል 52 ሥሎ ቁጥርና ነጥብ ይጨምርበታል። የእኛ 33 በ7 ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን፣ የግዕዝ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ሲጨምሩ ከ300 ያልፋል። «አንዱን ሥሎ ቅጥያውን መለጠፍ አይቻልም ወይ?» ይባላል። ለተወሰነው ይቻላል። ራብዕና ሳብዕ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀይሩት የእግሩን ርዝመት ነው፤ ሳድስ ደግሞ ከፊደል ፊደል የተለያየ ነው፣ ደንብ አይገዛውም። እያንዳንዱ በእጅ መስተካከል አለበት። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፍል ገዢ ጥቂት ነው። ሁላችንም በነጻ ነው የምንፈልገው፤ እርስዎም ጠይቀዋል፣ አልፈርድም። ህንዶች ግን ሠርተውታል፦ ባሉ የሚባለው ወፍራምና ተጫዋች ፎንት ለዴቫናጋሪ፣ ለታሚል፣ ለጉጃራቲና ለሌሎችም የህንድ ፊደላት ተሠርቶ በነጻ ይገኛል። የእኛ ግን ውስጡ የለም። የፊደል ብዛት እንቅፋት ቢሆንም ግድግዳ አይደለም ማለቴ ነው።

ጎንደር ሆነው ወፍራም ፊደል የባዕድ ነገር ነው የሚል ሰው ቢገጥምዎ አይስሙት። በጎንደር ዘመን ብራና ላይ ጉልህ የሚባል ትልቅና ወፍራም የአጻጻፍ ዓይነት ነበር። ጸሐፊዎቹ የእርስዎን ችግር በመቃ ብዕር ፈትተውታል። አንድ የጉልህ ገጽ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። የቆሙት እግሮች ወፍራም ናቸው። ጣራው፣ ማያያዣውና ቅጥያው ግን ቀጭን ነው። የብዕሩ አቆራረጥ ራሱ ወደ ታች ሲስቡት ያወፍራል፣ ወደ ጎን ሲስቡት ያቀጥናል። ስለዚህ ገጹ ከሩቅ ጥቁርና ግርማ ያለው ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቷ ግን አትደፈንም። እግሩን አወፍር፣ ምልክቱን አቅጥን። ድብልብል ፊደል የሚሠራ ሁሉ ከዚህ ቢነሣ ግማሹን መንገድ ሄዷል። በነገራችን ላይ በቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የሚጽፉት የድሮ ታፔላ ሠዓሊዎችም ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ፍሌክስ ባነር መጣና የእነሱ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ታፔላዎቻችንም አብረው ቀዘቀዙ።

ያለዎት አማራጭ እንግዲህ ይኼ ነው። ያለቀለት ጌጠኛ ፎንት መፈለግ ይችላሉ። ካገኙ በፎንቱ ማስተዋወቂያ ሥዕል አይመኑ፤ እዚያ ላይ የሚቀመጠው ያማረው ፊደል ነው። የራስዎን ስም ይጻፉበት። ከዚያ «በቡቢባቤብቦ» እና «ለሉሊላሌልሎ» ብለው ይጻፉና በአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ያትሙት። ሱቁን ለማያውቅ ሰው ሰጥተው ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። አንድ ቦታ ከተደናቀፈ ፎንቱን ይተዉት። ቁጥሩንና አራት ነጥቡንም ይሞክሩ፤ ብዙዎቹ ጌጠኛ ፎንቶች ዋናውን ፊደል ሠርተው እዚያ ጋ ይደክማቸዋል።

«ነጻ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ይዩት። ብዙ ጊዜ ነጻ የሚባለው ለግል መጠቀሚያ ነው፤ ታፔላ፣ ፌስታልና የልብስ መለያ ግን ንግድ ነው። ከፎንቱ ጋር የሚመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ ያንብቡ። ጎግል በነጻ የሚሰጠው የአማርኛ ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጣ ስለሆነ ለንግድም ይፈቀዳል፣ ማሻሻልም ይቻላል፤ የማይፈቀደው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። ከቀጭኑ እስከ ብላክ የሚባለው ጥቁሩ ድረስ ዘጠኝ ውፍረት አለው።

ሁለተኛው መንገድ ይህንኑ ኖቶ ወስዶ ማድለብ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ከብላኩ መጀመሩ ነው። ወፍራም ስለፈለጉ ከወፍራሙ ይነሣሉ፤ ትንሽ ሲያደልቡት ቀዳዳው ሁሉ ይዘጋል። ከቀጭኑ ይነሡ። ቀጭኑ ፊደል ውስጡ ሰፊ ነው። በግራፊክስ ፕሮግራም፣ ማለትም በኮርል ድሮው ኮንቱር በሚባለው ወይም በኢሉስትሬተር ኦፍሴት ፓዝ በሚባለው ትእዛዝ፣ ማዕዘኑን ክብ አድርገው ወደ ውጭ ያሳብጡት። እግሩ እንደ ፊኛ እኩል ክብ ብሎ ይወፍራል። ቀለበቷ ግን በዚህም መደፈኗ አይቀርም። ስለዚህ ቀለበቷን ከማሳበጥዎ በፊት ነጥለው ያውጧት፣ እጥፍ ያህል ያሳድጓት፣ ካደለቡ በኋላ መልሰው እግሩ ሥር ያስሯት። ኮምፒውተር የለመደ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ጥሩ ይወጣል፤ ግሩም ግን አይወጣም። ውፍረቱ በየቦታው እኩል ስለሚሆን ያ የጉልህ ግርማ አይኖረውም።

የእኔ ምክር ሦስተኛው ነው፤ በዚህ ላይ አልወላውልም። ፎንት መፈለግዎን ያቁሙና ስምዎን ያሥሉ። ፎንት የሚያስፈልገው ነገ ምን እንደሚጽፍ ለማያውቅ ሰው ነው። እርስዎ የሚጽፉትን ያውቃሉ፦ ቤ፣ ቢ፣ ቤ፣ ት። ቤ ሁለቴ ስለመጣ የሚሣለው ሦስት ፊደል ነው። ለሦስት ፊደል 300 ፊደል ማሳደድ ምን ያደርጋል? እጁ የተፈታ ሠዓሊ ወይም የሎጎ ሥራ የሚያውቅ ግራፊክ ዲዛይነር ያግኙ። በእርሳስ ያሥሉት፣ ከዚያ ወደ ቬክተር (የፈለጉትን ያህል ቢያሳድጉት የማይደበዝዝ የኮምፒውተር ሥዕል) ይቀየር። ከዚያ በኋላ ታፔላም፣ ስቲከርም፣ ፌስታልም ከዚያው ይወጣል። ሥራው የእርስዎ እንዲሆንም በጽሑፍ ይስማሙ።

ለሠዓሊው የሚነግሩት ይኼን ነው። ከቀለበቷ ይጀምር። መጀመሪያ ቀለበቷ ትሣል፣ ቀዳዳዋ ቢያንስ የእግሩን ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን፤ እግሩ በዚያ ልክ ይወፍር። በተለምዶ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ትልቁ አካል ይሣልና ቀለበቷ በተረፈ ቦታ ትወሸቃለች። በእርስዎ ስም ላይ ቤና ቢ ጎን ለጎን ስለሆኑ ልዩነታቸው መጋነን አለበት። የቤን ቀለበት ፊኛ ወይም የልብስ ቁልፍ ማስመሰል ይቻላል፤ ቁልፍ ለልብስ ቤት ይስማማል። የቢን ጭረት ግን ቀጥ ያለና ጫፉ የተቆረጠ ያድርገው፤ ጫፉን ካደበለበለው ተመልሶ ቀለበት ይመስላል። ት ከተ የሚለይበት ትንሽ ቅጥያም ውፍረቱ ውስጥ እንዳይሰምጥ ይጠንቀቅ። ፊደሎቹን ዘና አድርጎ ከፍ ዝቅ፣ ዘንበል ቀና ሊያደርጋቸው ይችላል። ጨዋታው ከዚያ ይምጣ። ቅጥያው ላይ አይጫወት።

መጠኑን በሚመለከት በታፔላ ሥራ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት የሚል ነው። ከመንገዱ ማዶ 15 ሜትር ርቆ ለሚያልፍ ሰው 12.5 ሴንቲ መሆኑ ነው። ስሌቱ ግን ለእንግሊዝኛ ፊደል የወጣ ነው። ለእኛ ግማሽ ያህል ይጨምሩበት፤ ከ18 ሴንቲ ባይወርድ ጥሩ ነው። ጥላና ባለ ሁለት ቀለም ጠርዝ ካስፈለገዎት አንዱን ይምረጡ። ሁለቱ ሲደረቡ ጥላው ቀለበቷ ውስጥ ይገባና መልሶ ይደፍናታል።

ማቴሪያሉም ይጫወትብዎታል። ስቲከር በፕሎተር (በመቁረጫ ማሽን) ሲቆረጥ የቀለበቷ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ አብራ ትነሣለች ወይም ሳትወጣ ትቀራለች፤ መስታወት ላይ ከመለጠፉ በፊት አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ልብስ ላይ በጥልፍ ካስደረጉት ደግሞ ክሩ ያብጣል። ለአንገት መለያ ይህን ድብልብል ጽሑፍ አይጠቀሙ። በሁለት ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ላይ ማንም ይሣለው ማን ቀለበቷ አትተርፍም። ለዚያ ቀለል ያለ ሁለተኛ ቅጂ ያሥሉ። አንድ ሥዕል ለሁሉም ይሆናል የሚል ዲዛይነር ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

እንግሊዝኛው ከአማርኛው ጋር እንዴት ይቀመጥ የሚለውን አልጠየቁም፤ ግን ያስፈልግዎታል። አሁን ባለበት እንግሊዝኛው ደልቦ አማርኛው ከሥሩ ኮስሶ የእንጀራ ልጅ መስሏል። አማርኛው ከተሣለ በኋላ እንግሊዝኛውን በእሱ ልክ ያስተካክሉት፤ በተቃራኒው አይሁን። የፊደል መጠን ቁጥሩ እኩል ስለሆነ ብቻ ዓይን እኩል አያየውም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ቁመቱን ከእንግሊዝኛው ትልቅ ፊደል ጋር ያስተካክሉና ከዚያ ራቅ ብለው በዓይንዎ ይመዝኑ። ደምቆ የሚታየውን አንድ ደረጃ ይቀንሱ።

ድብልብሉ ጽሑፍ ከስምዎ አይለፍ። «የልጆች ልብስና ጫማ» የሚለው፣ ስልክ ቁጥሩና የዋጋ ወረቀቱ በኖቶ ሳንስ መካከለኛ ውፍረት ይሁኑ። እናት ከመንገድ ላይ ስልክ ቁጥር ስትጽፍ ጌጥ አያስፈልጋትም። ግድግዳው ላይ ሀሁ ለማስጻፍ ካሰቡ ደግሞ እሱንም በጌጠኛ ፊደል አያድርጉት። ፊደል ገና የሚለይ ልጅ ቤና ቢን የሚለየው በዚያች ቀለበት ስለሆነ ጥርት ያለው ይሻለዋል።

ወደ ማተሚያ ሲልኩ ጽሑፉ ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማያስፈልገው ሥዕል) መቀየሩን ያረጋግጡ። ካልተቀየረና እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፎንቱ ከሌለው ተመልሶ ኒያላ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ችግርዎ ራሱ ነው። ፋይሉን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ ፎቶ ሲሆን ይጨመቃል። ትልቁ ታፔላ ከመሠራቱ በፊት አንዱን ቤ ብቻ በእውነተኛ መጠኑ በወረቀት አሳትመው በሩ ላይ ይለጥፉ። ከመንገዱ ማዶ ሆነው ቀንም፣ ምሽት መብራቱ ሲበራም ይዩት። ቀለበቷ ከማዶ ክፍት ሆና ካልታየች ለታፔላው ቀብድ አይክፈሉ።